ግራ ወይስ ቀኝ? የአውሮፕላን መስኮት ሒሳብ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር በሚሄድ አውሮፕላን ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል እንበል። አንዱ በግራ መስኮት፣ ሌላው በቀኝ መስኮት። የከፈሉት ያው ነው፤ የሚሰጣቸው ውኃም ያው ነው። አውሮፕላኑ ጎንደር ሊደርስ ሲቃረብ ግን በግራ ያለው ሰውዬ ጣናን ያያል። 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ውኃ፣ ከነደሴቱ፣ ከነዳርቻው። በቀኝ ያለው ደግሞ ማሳና ኮረብታ እያየ ያዛጋል፤ አንገቱን ቢያሰግግ የሚያየው የጎረቤቱን ጆሮ ነው።

ኢኮኖሚክስ ስማር አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ገበያ አንድ ዋጋ ይኖረዋል ተብዬ ነበር። የአውሮፕላን መስኮት ግን ሁለት የተለያየ ዕቃ በአንድ ዋጋ የሚሸጥበት ገበያ ነው። ልዩነቱን የሚያውቅ ያተርፋል፣ የማያውቅ ደግሞ መክሰሩንም አያውቅም። መረጃው ሚስጥር ሆኖ አይደለም፤ ካርታው ስልካችሁ ውስጥ አለ። ብቻ ወንበር ስንመርጥ ካርታ የማየት ልማድ የለንም። «መስኮት ወይስ መተላለፊያ?» ስንባል «መስኮት» እንልና እናልፋለን። የቱ መስኮት?

ይኼ የቅንጦት ጥያቄ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው። በየሳምንቱ የሚበር ነጋዴ ዛሬ ጣና ቢያመልጠው በሚቀጥለው ሳምንት ያየዋል። አብዛኞቻችን ግን አንድ ትኬት ለመቁረጥ ወራት የምንቆጥብ፣ ወይም ለሰርግና ለሐዘን ብቻ የምንሳፈር ነን። ዕድሉ አንዴ ከሆነ መስኮቱ ይበልጥ ውድ ይሆናል።

ከፊደሉ እንጀምር። አፍንጫችሁ ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ ሲዞር፣ «ኤ» የተባለው ወንበር ሁልጊዜ የግራ መስኮት ነው። የረድፉ የመጨረሻ ፊደል የቀኝ መስኮት ነው። መካከል ያሉትን ፊደሎች እርሷቸው። ስትመለሱ ደግሞ አገሩ ይገለበጣል። በሄዳችሁበት መንገድ «ኤ» ላይ ሆናችሁ ያያችሁትን ነገር ስትመለሱ ለማየት ወደ መጨረሻው ፊደል መሻገር አለባችሁ። ያላያችሁትን ለማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ እዚያው «ኤ» ላይ ቆዩ።

ቀጥሎ የአውሮፕላኑ ዓይነት ነው። በአገር ውስጥ በረራ ብዙ ጊዜ የምትሳፈሩት ዳሽ 8 ኪው 400 የሚባለውን ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። ሰው «ትንሿ» እያለ ያማታል፤ እኔ ግን ለመስኮት ሰው ከእሷ የተሻለ አላውቅም። ክንፏ ከመስኮቱ በላይ ነው፣ ስለዚህ መሬቱን አይጋርድባችሁም። ከፍታዋም ከ25,000 ጫማ ብዙም አይዘልም፤ ትልልቆቹ ጄቶች 35,000 እና ከዚያ በላይ ላይ ሲንሳፈፉ እሷ እዚህ ቅርብ ናት። ደጋው መሬታችን ራሱ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከስር ያለው የሳር ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን አጸድ፣ የአውድማው ክብ ሳይቀር ይታያል። አንድ ጉድለት አላት። ሞተሮቿ ከክንፉ ስር የተንጠለጠሉ ስለሆኑ ከሞተሩ ጎን የሆኑት መሐል ረድፎች እይታቸው በብረት ይሸፈናል፣ ድምፁም ከባድ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ያሉት ረድፎች ይሻላሉ። ሲያርፍ ጎማው ከሞተሩ ሆድ ወጥቶ መሬት ሲነካ ማየት ለሚፈልግ ግን መሐሉ ራሱ ትርዒት ነው።

ጄት ከሆነ፣ ለምሳሌ ቦይንግ 737፣ ክንፉ ከመስኮቱ በታች ነው። መሐል የተቀመጠ ሰው የሚያየው ክንፍ ነው። ወይ ከክንፉ ፊት፣ ወይ ደግሞ ወደ ኋላ መጨረሻ ሂዱ። በጣም ኋላ ስትሆኑ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ አየር ከጀርባው ያለውን እይታ እንደ በጋ አስፋልት ያንቀጠቅጠዋል፣ ፎቶ ላይ ይታወቃል። በ737-800 ላይ ደግሞ ከክንፉ ትንሽ ፊት የአየር ማቀዝቀዣ ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ስለሚያልፍ መስኮት የሌለው «የመስኮት ወንበር» አለ። ግድግዳ ገዝቶ መሄድ ማለት ነው። ድሪምላይነሩ 787 ግን ሌላ ዓለም ነው። መስኮቱ 47 በ27 ሴንቲ ሜትር ነው፣ መጋረጃ የለውም፣ በአዝራር ይጠቁራል።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ጠዋት ወደ ሰሜን ስትበሩ ፀሐይ በቀኝ ናት፤ ከሰዓት በግራ። ወደ ደቡብ ስትበሩ ይገለበጣል። ፀሐይ ያለችበት ጎን ብርሃኑ ዓይን ይወጋል፣ የመስኮቱ ጭረትና እድፍ ሁሉ ፎቶው ላይ ይወጣል። ፀሐይን በጀርባችሁ ያደረገው ጎን ግን መሬቱን በሙሉ ቀለሙ ያሳያችኋል። ደመና ካለ ደግሞ በዚህ በኩል የአውሮፕላናችሁ ጥላ ደመናው ላይ ሲሮጥ፣ ዙሪያውን ክብ ቀስተ ደመና ከቦት ታያላችሁ። ይኼ የሚታየው ከፀሐይ በተቃራኒ ብቻ ነው። (ለነገሩ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ነው የምትውለው፤ ይኼን ስነግራቸው የማያምኑኝ ጓደኞች አሉኝ።)

አሁን ካርታውን አውጡና ከመነሻችሁ እስከ መድረሻችሁ መስመር አስምሩ። አብራሪው በደመና ወይም በሌላ በረራ ምክንያት ሊያጣምም ይችላል፤ ቢሆንም መስመሩ ብዙ ይነግራችኋል።

ለእኔ የአገራችን ምርጡ መስመር የአርባ ምንጭ ነው። አውሮፕላኑ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያዘነበለ መንገድ ይዞ ስምጥ ሸለቆውን በግራው እያደረገ ይወርዳል። ስለዚህ «ኤ»። መጀመሪያ ዝዋይ ይመጣል፣ ከዚያ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ፣ ከዚያ ሐዋሳ። ሐይቆቹ አንድ ላይ ተዘርግተው እንደ ተሰበረ መስተዋት ነው የሚታዩት። ቀለማቸው አይገናኝም፤ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ፣ አንዱ አመዳም፣ አንዱ ቡና ሲደመር ወተት። መጨረሻ ላይ አባያ ይመጣል። አባያ ቀይ ቡናማ ነው፤ ደለሉ ውኃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ ነው። አጠገቡ ያለው ጫሞ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሁለቱን የሚለያቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ቀጭን መሬት ነው። አየር ማረፊያው ከአባያ ዳር ስለሆነ ሲያርፍ ውኃው ከስራችሁ ይሮጣል። ጫሞን የምታዩት አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲታጠፍ ነው፤ በየት በኩል እንደሚታጠፍ የሚወስነው ነፋሱ ስለሆነ ለዚያ ዋስትና የለም። በቀኝ መስኮት ያለ ሰው የጉራጌንና የጋሞን ደጋ ያገኛል፣ እሱም አይናቅም። ነገር ግን አምስት ስድስት ሐይቅ በአንድ ወገን ሲሰለፍ ምርጫው ግልጽ ነው። የጠዋት በረራ ከሆነ ፀሐይም በዚያው በግራ መሆኗ ብቻ ነው ክፋቱ። ሐይቅ ላይ ግን የፀሐይ ነጸብራቅ ራሱ ያምራል፣ ስለዚህ እኔ ካሜራዬን ሳይሆን ዓይኔን እመርጣለሁ።

የባሕር ዳር መስመር ለየት ያለ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ቀጥታ መስመር ብታሰምሩ አባይ በረሃን የሚያቋርጠው የመኪናው ድልድይ ካለበት ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ከዚያ የጮቄ ተራራ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ገደሉ በሁለቱም ወገን አለ። ግራና ቀኙን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት አያቴን ይዤ በዚህ መስመር ሄጄ ነበር። ተወልደው ያደጉት ደጀን አካባቢ ነው፤ አሁን የሚኖሩት ባሕር ዳር ከአክስቴ ጋር ነው። አዲስ አበባ የመጡት የዓይን ሞራቸውን ለማስገፈፍ ነበር። ቀኝ ዓይናቸው ተሠርቶ በደንብ ማየት ጀመረ፤ ግራው ገና ተራውን እየጠበቀ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ በአውቶቡስ ነበር፣ አባይን ሲያቋርጡ የሚያውቁት በጆሯቸው መታፈንና በሙቀቱ ብቻ ነው። ለመመለሻው ቤተሰቡ አዋጥቶ የአውሮፕላን ትኬት ገዛ። በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነው፤ እሳቸው እንደሚሉት የመጨረሻውም።

እንግዲህ ሒሳቡ እዚህ ላይ ነው የመጣው። የሚያየው ቀኝ ዓይናቸው ነው። በግራ መስኮት ቢቀመጡ የሚያየው ዓይን ከመስኮቱ ርቆ አፍንጫቸው መሐል ይገባል፣ አንገታቸውን ሙሉ በሙሉ ማዞር ሊኖርባቸው ነው። በሰባ ስምንት ዓመት አንገት እንደ ልብ አይዞርም። ስለዚህ ቀኝ። ገና የተሠራ ዓይን ደግሞ ኃይለኛ ብርሃን አይወድም፤ ወደ ሰሜን ስንበር ቀኙ ጥላ የሚሆነው ከሰዓት ነው። ስለዚህ የከሰዓት በረራ፣ ቀኝ መስኮት፣ ከሞተሩ ኋላ። ቼክ ኢን እንደተከፈተ ወንበሩን ያዝኩ። ለጥቁር መነጽሩ ራሳቸው አስበውበት ነበር።

ድልድዩ ካለበት እስከ አዲስ አበባ በአየር 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለመውጣት የሚፈጀውን ጨምሬ ከተነሳን ከሩብ ሰዓት እስከ 20 ደቂቃ ባለው እጠብቃለሁ ብዬ ሰዓቴን አየሁ። አባይ በረሃን ለማለፍ አውቶቡስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፣ ጠመዝማዛው ብቻ 40 ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላኑ ግን በደቂቃ 10 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ያን ጊዜ አጎንብሶ ጫማ ማሰር አያስፈልግም።

መሬቱ ድንገት ተሰነጠቀ። ደጋው ሜዳ ሆኖ ሲመጣ ቆይቶ ጠርዙ ላይ ተቆረጠና ከስር ሌላ አገር ታየ።

«አባባ፣ አሁን ይዩ።»

ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ ለጠፉ። ትንሽ ዝም አሉ።

«ይኼ ነው አባይ?»

«አዎ አባባ። ያቺ ቀጭኗ።»

«ድልድዩስ?»

እሱን ለማሳየት ጣቴ አልበቃኝም፤ መንገዱ በገደሉ ላይ እንደ ወደቀ ክር ይታይ ነበር፣ ክሩ ውኃውን የሚነካበትን ቦታ አሳየኋቸው። አዩት አላዩት አላውቅም። ብቻ እንዲህ አሉ፦ «እኛ ስንወርድበት ስንቅ ቋጥረን ነበር።»

ከዚያ ወዲያ አስረጂው እኔ መሆኔ ቀረ። ስልኬን ይዤ ካርታ ላይ ያለንበትን ነጥብ ስፈልግ እሳቸው ጣታቸውን አንስተው «ያ ጮቄ ነው፣ ከኋላው ያለው ደግሞ…» እያሉ ስም ይጠሩ ጀመር። ካርታው ላይ የሌሉ ስሞች ነበሩ። ሰብል የተዘራበትንና ያልተዘራበትን ከላይ ሆነው ለዩ፤ የባሕር ዛፉ መብዛት አስገረማቸው። «ይኼ ሁሉ ባሕር ዛፍ ሜዳ ነበር» አሉ። በዩኒቨርሲቲ ስለ መሬት አጠቃቀም ለውጥ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተምሬያለሁ፤ እንዲህ አልገባኝም ነበር። ባሕር ዳር እስክንደርስ መስኮቱን አልለቀቁም፣ የቀረበላቸውን ብስኩት እንኳ ለአክስቴ ልጅ ብለው በኪሳቸው ነው የያዙት።

ሌሎቹን መስመሮች በአጭሩ ልበላቸው። ወደ ድሬዳዋ ቀኙን ያዙ። የፈንታሌ እሳተ ገሞራና ለአስርተ ዓመታት እየሰፋ የመጣው የበሰቃ ሐይቅ በዚያ በኩል ናቸው፣ ቀጥሎ የጨርጨር ተራሮች ይከተላሉ። በግራ ያለው የአፋር ሜዳ ነው፤ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ፣ ለወደደው። ወደ ላሊበላ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሰሜን ስለሆነ ጠዋት ግራው ጥላ ነው፣ የአባይ ገባሮች የቆራረጡት ገደልም በዚያው በግራ ነው። ወደ አክሱምም እንዲሁ ግራ፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚዘልቀው ራስ ዳሽንና የሰሜን ተራሮች በስተምዕራብ ይቆማሉ። ጠዋት ከሆነ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ታበራላቸዋለች። ወደ መቀሌ የምትሄዱ ቀኙን ሞክሩ፤ ደጋው ወደ አፋር ቁልቁል የሚወርድበት ጠርዝ በዚያ በኩል ነው። ወደ ውጭ ከሆነ አንድ ብቻ ልጥቀስ። ወደ ኪሊማንጃሮ አየር ማረፊያ ስትወርዱ 5,895 ሜትሩ ተራራ በግራ ነው የሚመጣው። እዚያ ላይ «ኤ»ን የተወ ሰው ለምን እንደሄደ ይጠየቅ።

ወሩ ግን ከወንበሩ ይበልጣል። በክረምት የሚታየው ደመና ነው። በበጋው መጨረሻ፣ ከጥር እስከ መጋቢት፣ አቧራና ጭስ አየሩን ያጠይመዋል፤ ጥሩ ወንበር ይዛችሁ ሙሉውን መንገድ ግራጫ ልታዩ ትችላላችሁ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ንጉሥ ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ አደዩ ተራራውን ቢጫ ያደርገዋል። ከ7,000 ሜትር ከፍታ አድማሱ በስሌት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ይኼን ርቀት በእውነት የሚያሳያችሁ ግን የመስከረም አየር ብቻ ነው።

ስልክን በተመለከተ። ከመነሳታችሁ በፊት የምትሄዱበትን አካባቢ ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋችሁ አውርዱት። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ኔትወርኩ ይጠፋል እንጂ ጂፒኤሱ ምልክት ተቀባይ ብቻ ስለሆነ በአብዛኛው ስልክ ላይ ይሠራል፤ ስልኩን መስኮቱ አጠገብ አድርጉትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁት። ሰማያዊው ነጥብ ሲመጣ «ያ ከተማ ማነው?» የሚለው ጥያቄ ያበቃል። ፎቶ ስታነሱ ፍላሹን አጥፉ፣ ሌንሱን ወደ መስኮቱ አስጠጉ ግን አታስነኩት፤ ንዝረቱ ፎቶውን ያደበዝዘዋል። የውስጡ መብራት ካንጸባረቀ በጃኬት ወይም በነጠላ ከልሉት። የፕሮፔለር ቪዲዮ ላይ ላምባዎቹ እንደ ሙዝ ተጣመው ቢታዩ ስልካችሁ አልተበላሸም፤ ካሜራው ምስሉን በአንዴ ሳይሆን መስመር በመስመር ስለሚቀዳ ነው። ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ያደረጋችሁ ደግሞ መስኮቱ ላይ ቀስተ ደመና መሳይ ጥለት ታያላችሁ፤ ከፕላስቲኩ ነው፣ መነጽሩን አውልቁት ይጠፋል። የመስኮቱ ታች ያለችው ትንሽ ቀዳዳም ሆን ተብላ የተሠራች ናት፤ የአየሩን ግፊት የውጨኛው መስታወት እንዲሸከም ታደርጋለች፣ ጭጋጉንም ትቀንሳለች። አትድፈኗት።

መስኮት ሳይደርሳችሁ ቢቀርስ? እዚህ ላይ ገበያው ለእናንተ ያደላል። በአገር ውስጥ በረራ መስኮት ይዞ ገና አውሮፕላኑ ሳይነሳ መጋረጃውን ዘግቶ የሚተኛ ሰው አይጠፋም። ለእሱ መስኮቱ ግድግዳ ነው፣ መደገፊያ። ከእናንተ መተላለፊያ ላይ ቢቀመጥ ደግሞ ቶሎ ተነስቶ ሻንጣውን ያወርዳል። ሁለታችሁም የምታተርፉበት ልውውጥ ነው፣ ገንዘብ አያስፈልገውም። ብቻ በጊዜው መጠየቅ ነው፤ ቀበቶ ከታሰረ በኋላ ማንም መነሳት አይወድም። ገና ቆሞ ሻንጣውን ሲሰቅል ጠጋ በሉና «ወንድሜ፣ የምትተኛ ከሆነ መስኮቱን ብትለቅልኝ? እኔ አባይን ማየት ፈልጌ ነው» በሉት። እኔ እስካሁን አራት ጊዜ ጠይቄ ሦስቱ እሺ ብለውኛል። አራተኛው «እኔም እሱን ልይ ብዬ ነው የያዝኩት» አለኝ፤ እስክናርፍ ድረስ ስልኩን ተቀብዬ ፎቶ አነሳሁለት።